ቡሄ በደብረ ታቦር፦ ጅራፍ፣ ሙልሙልና ችቦ በዝናብ መሐል

ቡሄ የእሳት፣ የዳቦና የጅራፍ በዓል ነው። የሚውለው ግን ነሐሴ 13 ቀን፣ መሬቱ ውሃ ጠጥቶ በጠገበበት ወር ነው። ችቦው ደረቅ እንጨት ይፈልጋል፤ ጅራፉ ደረቅ ቃጫ ይፈልጋል፤ ሊጡ ሙቀት ይፈልጋል። በነሐሴ ሦስቱም ውድ ናቸው። «ዘንድሮ ቡሄው ቀዘቀዘ» በተባለበት ሰፈር አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው የልጆቹ ፍላጎት አይደለም፤ ዝግጅቱ የተጀመረው በዋዜማው ስለሆነ ነው። በአንድ ቀን የሚደርቅ ነገር በዚያ ወር የለም።

ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ ይህ ይብሳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ጉና ተራራ ጎረቤቷ ነው፤ በክረምት ጭጋጉ ከጠዋት እስከ ረፋድ አይለቅም። ስሟን የወሰደችው ከበዓሉ ተራራ ስለሆነ ቡሄን እንደ ገዛ ልደቷ ታከብረዋለች። ከሌላ ከተማ ለበዓሉ የሚመጣም እንግዳ በየዓመቱ አለ። እዚህ የተጻፈው ለእሱም፣ ቤቱ ሆኖ ለሚያዘጋጀውም ነው።

ነገረ በዓሉን ባጭሩ፦ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 እንደተጻፈው ጌታ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ተራራ ወጣ፤ በፊታቸውም መልኩ ተለወጠ፣ ፊቱ እንደ ፀሐይ በራ፣ ሙሴና ኤልያስ ታዩ፣ ከደመናው ድምፅ መጣ። ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ከዘጠኙ ዐበይት የጌታ በዓላት አንዱ አድርጋ ታከብረዋለች። አባቶች ሲያስረዱ ጅራፉ የዚያ ድምፅ፣ ችቦው የዚያ ብርሃን ምሳሌ ነው ይላሉ። ሙልሙሉ ደግሞ ብርሃኑን አይተው፣ ቀኑ የመሸ ሳይመስላቸው ሜዳ ላይ ለቆዩት እረኞች ወላጆቻቸው ይዘውላቸው የሄዱት ዳቦ ነው። ስለዚህ ሦስቱም ነገሮች ጌጥ አይደሉም፤ አንዱ ከጎደለ በዓሉ ይጎድላል።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅ። ቡሄ የሚውለው በጾመ ፍልሰታ መካከል ነው። ጾሙ ነሐሴ 1 ይገባል፣ ነሐሴ 16 ይፈታል። ስለዚህ በቡሄ ዶሮ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ሙልሙሉም ወተትና እንቁላል አይገባበትም። ለእንግዳ የሚቀርበው ሽሮ፣ ክክ፣ ጎመን፣ ተልባና ዳቦ ነው። ከውጭ የመጡ ዘመዶች ይህን ረስተው ወተት የገባበት ኬክ ይዘው ሲደርሱ የቤቱ እመቤትም እንግዳውም ይሳቀቃሉ፤ አስቀድሞ በስልክ መንገር ይቀላል።

ጅራፉ

ጅራፍ ለመሥራት የመጨረሻው ቀን ነሐሴ 1 ነው ብላችሁ ያዙ። ከዚያ ካለፈ ቃጫው ሳይደርቅ በዓሉ ይደርሳል።

ለ10 ዓመት ልጅ ከእጀታው ሌላ 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው ገመድ ይበቃል። ለጎረምሳ 2.5 ሜትር፣ ክንዱ ለጠናና ለለመደ 3 ሜትር። ረጅም ጅራፍ የበለጠ ይጮሃል ብሎ ለትንሽ ልጅ 3 ሜትር መስጠት ስሕተት ነው፤ ገመዱ መሬት ይጎትታል፣ ጭቃ ይጠጣል፣ ልጁም አንድ ጊዜ እንኳ ሳያስጮህ ክንዱ ይዝላል። እጀታው ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ያለው፣ እጅ ሞልቶ የሚጨበጥ ቀጥ ያለ እንጨት ነው። ወይራ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ክትክታም ይሆናል። ባሕር ዛፍ ደርቆ ካልተቀመጠ ይሰነጠቃል።

ቃጫው መጀመሪያ ይበጠራል፤ አጫጭሩና የተቆራረጠው ተለይቶ ይወጣል። ከዚያ ውሃ እፍ ይባልበታል፤ መነከር የለበትም፣ ጣት ላይ እንዲታዘዝ ብቻ ይርጠብ። ሙሉ በሙሉ ደረቅ ሆኖ የተጎነጎነ ቃጫ ይሰባበራል፤ በጣም ርሶ የተጎነጎነ ደግሞ ሲደርቅ ይከሳና ጉንጉኑ ይላላል። ለ2 ሜትር ጉንጉን 2.6 ሜትር ያህል መነሻ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ሲጎነጎን ሩቡ ያህል ያጥራል።

በሦስት ተከፍሎ ይጎነጎናል። ከእጀታው በኩል አውራ ጣት የሚያህል ወፍራም ሆኖ ይጀምርና ወደ ጫፉ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ የክብሪት እንጨት ያህል ይቀራል። የማሳሳቱ ዘዴ በየስንዝሩ ከሦስቱ ዘርፎች ጥቂት ቃጫ እየቀነሱ መተው ነው። ቃጫው አጥሮ መቀጠል ሲያስፈልግ ሦስቱ ዘርፎች በአንድ ቦታ አይቀጠሉም። አንዱ እዚህ ከተቀጠለ ቀጣዩ አንድ ስንዝር አልፎ፣ ሦስተኛው ሌላ ስንዝር አልፎ ይቀጠል። በዓሉ ላይ ለሁለት የሚበጠሱ ጅራፎች የሚበጠሱት ሦስቱም ቅጥሎች በተገናኙበት ቦታ ነው።

ይህ መሳሳት ለመልኩ አይደለም። ክንድ ለወፍራሙ ክፍል የሰጠው ኃይል ወደ ቀጭኑ ሲሸጋገር፣ የሚንቀሳቀሰው ክብደት ስለሚቀንስ ፍጥነቱ ይጨምራል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ከድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ ከ340 ሜትር ገደማ ይበልጣል። «ጧ» የሚለው አየሩ ነው፤ ገመዱ ከምንም ነገር ጋር አልተጋጨም። ከላይ እስከ ታች እኩል የወፈረ ገመድ የቱንም ያህል ቢወናጨፍ «ሹ» ይላል እንጂ አይጮህም። እንደዚሁ ዝናብ የጠጣ ጅራፍ ጫፉ ስለሚከብድ ወደዚያ ፍጥነት አይደርስም።

የመጨረሻው ክፍል ጫፉ ነው፤ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ቀጭን ሆኖ የተከረረ ቃጫ። መጨረሻው ላይ በትንሽ ቋጠሮ ይታሰራል፣ ከቋጠሮው በታች ሁለት ጣት ያህል ተበትኖ ይቀራል። ጫፍ ያልቃል። በደንብ የሚጮህ ጅራፍ በአንድ ከሰዓት ሁለት ሦስት ጫፍ ይጨርሳል፤ ስለዚህ አምስት ያህል ከርሮ በኪስ መያዝ ይገባል። የናይለን ክር ለጫፍ የሚያስሩ አሉ፤ ድምፁ ይጎላል፣ ግን ቆዳ ላይ ሲያርፍ ይቆርጣል። ለልጆች አይሰጥ። ጠፍር ጅራፍም አለ፤ በእጅጉ ይበረታል፣ ነገር ግን በነሐሴ እርጥበት ይለሰልስና ይንቦረቀቃል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይደነድናል። ለክረምት በዓል ቃጫ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ጉንጉኑ ካለቀ በኋላ አንዱን ጫፍ ጣሪያ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በግማሽ ኪሎ ድንጋይ አስሮ መስቀል ነው። ሳይወጠር የደረቀ ጅራፍ ይጠማዘዛል፤ የተጠማዘዘ ደግሞ ሲወረወር ራሱ ላይ ይተበተባል። ምድጃ ካለበት ክፍል፣ ከእሳቱ በላይ ሳይሆን ከጎኑ፣ አምስት ስድስት ቀን ይሰቀል።

ማጮሁ የጉልበት ሥራ አይደለም። እግር ተከፍቶ ይቆማል፤ ጅራፉ ከራስ በላይ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ ከዚያ እጅ በድንገት አቅጣጫውን ይለውጣል። ድምፁ የሚወጣው በዚያ መለወጥ ነው። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ሁለት ቦታ ነው። ገመዱ ሙሉ ዙሩን ሳይጨርስ ቀድመው ሲመልሱት ጫፉ ጀርባቸው ወይም ጆሯቸው ላይ ያርፋል፤ ዘግይተው ሲመልሱት ደግሞ ፍጥነቱ ሞቶ መሬት ይመታል። መሬት መምታት ጫፉን ይጨርሳል። መጀመሪያ ገመዱን ብቻ በቀስታ ማዞር መልመድ፣ ዙሩ ሲስተካከል አመላለሱን መጨመር ነው። ጋቢ መደረብና ባርኔጣ ማድረግ ለጀማሪ ጥሩ መከላከያ ነው።

ቦታው ሰፊ ይሁን። ክንድ፣ እጀታና ገመድ ሲደመሩ ለ2.5 ሜትር ጅራፍ በየአቅጣጫው ቢያንስ 5 ሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። በቅሎና ፈረስ በቆሙበት አጠገብ አይጮህም፤ ይደነብራሉ። ሁለት ጎረምሶች ተፋጥጠው የሚገራረፉበት ጨዋታ በአንዳንድ ቦታ አለ፤ እሱ የአዋቂዎች ነው፣ ከወገብ በላይ የሚመታበትም ጨዋታ መቆም አለበት። ዓይን አይተካም።

ሙልሙሉ

ሙልሙል ከድፎ ይለያል። ድፎ አንድ ትልቅ ሆኖ ተቆርሶ ይበላል፤ ሙልሙል ለእያንዳንዱ ልጅ ሙሉ ሆኖ የሚሰጥ ትንሽ ዳቦ ነው። የክርስትና ልጅ ያለው ሰው ለልጁ የሚልከው ሙልሙል ደግሞ ከሌላው ተለይቶ ተለቅ ብሎ፣ አምሮ ይጋገራል፤ ልጁም እስኪያድግ በየዓመቱ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ስንት እንደሚያስፈልግ ቀድሞ መቁጠር ግድ ነው፦ የቤት ልጆች፣ የክርስትና ልጆች፣ የጎረቤት፣ ከዚያ በላይ ለሆያ ሆዬ ለሚመጡ።

ለ1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት ከ650 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያልሞላ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የኑግ ወይም ሌላ የጾም ዘይት፣ እና 10 ግራም ደረቅ እርሾ። ወፍጮ ቤት የተፈጨ ዱቄት ፉርሽካው ስላለበት ከሱቅ ነጭ ዱቄት የበለጠ ውሃ ይጠጣል፤ ለነጭ ዱቄት 600 ይበቃል። ይህ መጠን 120 ግራም የሚመዝን 13 ያህል ሙልሙል ይወጣዋል። በቤት እርሾ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ስኒ ሙሉ ያህል አሮጌ ሊጥ በቂ ነው፤ ጣዕሙ ይበልጣል፣ ጊዜው ግን ሙሉ ሌሊት ነው።

ሥራው የሚበላሸው ኩፍ የማለቱ ጊዜ ላይ ነው። የእርሾ ፓኬቱ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ይል ይሆናል፤ እሱ ሞቃት ቤት ነው። ደብረ ታቦር በነሐሴ ሌሊት ቤቱ ውስጥ እንኳ ብርዱ ይጠናል፤ ያው ሊጥ አራትና አምስት ሰዓት ይወስዳል። ብዙ ሰው በሰዓቱ ተመርቶ ያልተነሳ ሊጥ ይጋግራል፤ ከዚያ «ዱቄቱ መጥፎ ነው» ይላል። ዱቄቱ ምንም አልሆነም። ሰዓት ሳይሆን ሊጡን ተመልከቱ፦ እጥፍ ሲሆን፣ በጣት ሲነካ ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ሲመለስ ደርሷል። ነገሩን ለማፋጠን ብሎ ምድጃ ጫፍ ላይ ማስቀመጥ ሌላ ጥፋት ነው፤ አንዱ ጎን ይበስላል፣ እርሾውም ይሞታል። እጅ ሲገባበት የማያቃጥል ሙቀት ልክ ነው። ዕቃውን በጋቢ ጠቅልሎ ከምድጃው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ማኖር ከሁሉ ይሻላል።

ስለዚህ ሊጡ ነሐሴ 11 ማታ ይቦካል፣ ጋገራው ነሐሴ 12 ጠዋት ይጀመራል። ልጆቹ ሆያ ሆዬ ይዘው የሚመጡት ከዋዜማው ጀምሮ ስለሆነ በ13 የተጋገረ ሙልሙል ዘግይቷል።

ቅርጹ ሞላላ ነው፤ 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 6 ወይም 7 ስፋት፣ ውፍረቱ ከ2 አይበልጥም። ከተቀረጸ በኋላ 20 ደቂቃ ያርፋል። ምጣዱ መካከለኛ ሙቀት ላይ ይሁን፤ ዱቄት ጣል ሲደረግበት ወዲያው የሚጠቁር ከሆነ ገና መብረድ አለበት። ኮባ ቅጠል ከተገኘ ከሥሩ ይነጠፋል፣ መዓዛም ይሰጣል። ካልተገኘ በትንሽ ዱቄት ይጋገራል። አክንባሎ ተከድኖ በአንዱ ፊት 8 ደቂቃ፣ ተገልብጦ ሌላ 8 ደቂቃ። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የዳቦው ውስጥ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ እሳት ጨምሮ ማቻኮል ላዩን አሳርሮ ውስጡን ሊጥ ያስቀራል። እሳቱን ቀነስ፣ ጊዜውን ረዘም ማድረግ ነው መፍትሔው። ታቹን በጣት ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ከሰጠ በስሏል።

ሳይበርድ ፌስታል ውስጥ አይግባ። ትነቱ ተመልሶ ዳቦውን ያርሰዋል፣ በዚህ እርጥበት በሁለተኛው ቀን ሻጋታ ይታይበታል። በሰፌድ ላይ ተዘርግቶ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን።

ችቦው

የችቦ እንጨት በነሐሴ አይሰበሰብም። ዝናቡ ሳይገባ፣ በግንቦት መጨረሻ ጭራሮ ለቅሞ ቆጥ ላይ ማውጣት ነው የድሮው መንገድ፣ አሁንም ከዚያ የተሻለ የለም። ያልሰበሰበ ከገበያ ይገዛል፤ ሲገዛ አንድ እንጨት መሐል ለመሐል ይስበር። «ቀጭ» ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ ከታጠፈ እርጥብ ነው። ውጭው ብቻ የረጠበ ከሆነ ልጡን መላጥ ይጠቅማል፤ እርጥበቱን የሚይዘው ልጡ ነው።

ለአንድ ሰው የሚሆን ችቦ ከ1.5 ሜትር አይብለጥ፣ ውፍረቱም ሁለት እጅ የሚከበው ያህል ይሁን። ከመሐል በጣም ቀጫጭኑና ደረቁ፣ ከዳር ወፈር ያለው ይደረጋል። በየስንዝር ተኩሉ በልጥ ወይም በሐረግ ይታሰራል፤ ከታች ጠበቅ፣ ከላይ ላላ። ከላይ የጠበቀ ችቦ አየር ስለማያገኝ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ናይለን ገመድ አይታሰርበት፤ ቀልጦ እጅ ላይ ይንጠባጠባል።

ጋዝ ወይም ቤንዚን አፍስሶ ማቀጣጠል በየዓመቱ ሰው ያቃጥላል፣ ከልብ የምለምነው ይህ እንዲቀር ነው። ደረቅ ጭራሮ መሐሉ ካለ ክብሪት ይበቃዋል። ከተለኮሰ በኋላ ቀጥ ብሎ ከተያዘ ነበልባሉ ይደክማል፤ ወደ ታች ከተዘቀዘቀ እሳቱ ወደ እጅ ይወጣል። ዘንበል አድርጎ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ መያዝ ነው። አንድ ችቦ አሥር ደቂቃ ያህል ይነዳል፤ ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ከሚለኩስ ተራ በተራ ቢለኩስ ብርሃኑ ይቆያል። በዋዜማው ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ጨለማ ይይዛል፤ ዝናቡ ካላቆመ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ይሻላል። የሣር ክዳን ባለበት ግቢ ውስጥ አይበራም፣ አንድ ባልዲ ውሃም ከአጠገብ ይቀመጥ።

ሆያ ሆዬ

የቡድኑ መጠን ከስድስት እስከ አሥር ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ካነሰ ተቀባዩ ድምፅ ያንሰዋል፤ ከዚያ ከበለጠ በር ላይ መቆሚያ ይጠፋል፣ የድርሻ ጠብም ይመጣል። አውራጅ አንድ፣ ገንዘብ ያዥ አንድ፣ ሙልሙል ያዥ አንድ ከቤት ሳይወጡ ይመረጡ። ገንዘቡ በስንት እንደሚከፈል ከመጀመሩ በፊት ይነገር። ያልተነገረ ድርሻ ማታ ላይ ጓደኛ ያጣላል።

አውራጁ የሚያወርደው በቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ በር ማስከፈቻው፣ ቀጥሎ የቤቱ ሙገሳ፣ ቀጥሎ የአባወራውና የእማወራዋ ስም እየተነሳ ውዳሴ፣ ከተሰጠ በኋላ ምርቃት። ስም ሳይጠይቁ መግባት ትልቁ ጉድለት ነው። ከጎረቤት ልጅ «እዚህ ቤት ማን ማን አለ?» ብሎ የጠየቀ አውራጅ ሁሌም የተሻለ ያገኛል፣ የሚገባውም ነው፤ ሰው ስሙ በግጥም ሲነሳ ደስ ይለዋል። ተቀባዮቹ «ሆ» ሲሉ ዱላው ሁሉ በአንድ ላይ መሬት ይምታ። አንዱ የቀደመ እንደሆነ ምቱ ይፈርሳል፤ ከበዓሉ በፊት ሦስት አራት ማታ አብሮ መለማመድ ይህን ያስተካክላል።

ሐዘን የተቀመጡበት ቤት በር ላይ አይጨፈርም፤ ታልፎ ይሄዳል ወይም በዝቅታ ሰላምታ ይሰጣል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደረጃ ላይ ዱላ መምታት ሕንፃውን ሁሉ ያናውጣል፤ እዚያ በጭብጨባ መጨፈር ይሻላል። ባለቤቱም በኩሉ ዝርዝር ብር ቀድሞ ያዘጋጅ። በሩን ዘግቶ ዝም ከማለት ወጥቶ አንድ ሙልሙል ሰጥቶ መመረቅ ለልጆቹ ከገንዘቡ ይበልጣል። ሳይመርቅ የሄደ ቡድን ሥራውን አልጨረሰም፤ «ዓመት ዓመቱን ያድርስልን» ሳይባል እግር ከበር አይነሳ።

የሆያ ሆዬ ግጥም በየዓመቱ አዲስ ነገር ሊገባበት ይገባል፤ ድሮም እንደዚያ ነበር። የሰፈሩን ጉዳይ፣ የዘመኑን ነገር አንስቶ የሚገጥም ልጅ መበረታታት አለበት። የማይገባው ከስልክ ድምፅ ማጉያ ዘፈን ከፍቶ በር ላይ መቆም ነው። ግጥም የሚወርድበት አፍ ከሌለ ሆያ ሆዬ አልተጨፈረም።

ለእንግዳ

ከባሕር ዳር በወረታ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመንገዱን ሁኔታ ከመነሳት በፊት በዚያው ሳምንት ከሚመላለስ ሾፌር መጠየቅ፣ ማደሪያም በሐምሌ መያዝ ይገባል፤ በበዓሉ ሰሞን ክፍል ይጠፋል። በ2020 ዓ.ም ነሐሴ 13 ቅዳሜ ስለሚውል ዋዜማው ዓርብ ማታ ይሆናል፤ ከሥራ ፈቃድ ሳይጠይቁ ሙሉውን ለማየት የተመቸ ዓመት ነው።

ሌሊቱን ማኅሌት ይቆማል። ማኅሌቱን መስማት የፈለገ ጋቢ ደርቦ፣ ጫማው በቀላሉ የሚወልቅ ሆኖ ይሂድ፤ ጭቃ የያዘ ቡት ጫማ ማሰሪያ በጨለማ መፍታት ያስመርራል። ሁለት ጥንድ ካልሲ ከጃንጥላ ይበልጣል፤ ጃንጥላ ሕዝብ መሐል ዓይን ይወጋል፣ የዝናብ ካፖርት ይሻላል። ጅራፉ በሜዳ ላይ የሚጮኸው ከረፋድ በኋላ ነው፣ ጭጋጉ ሲገለጥ።

ከሰዓት በኋላ ጋፋት መሄድ ይቻላል፤ ለከተማዋ ቅርብ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት እዚያ ነው፤ ከዚያ እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጎትቷል። በነሐሴ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ያንን ጉተታ ማሰብ ታሪኩን ከመጽሐፍ በላይ ያስረዳል።

ጥቂት ቀን ያለው መንገዱን ወደ ምሥራቅ ይቀጥል። በነፋስ መውጫ አልፎ ጋሸና ላይ ወደ ሰሜን ሲታጠፍ ላሊበላ ይገባል፤ ነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ የላስታ ልጃገረዶች አሸንድዬ የተባለውን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ለጭፈራ ይወጣሉ፤ በዓላቸውም በሣሩ ስም ይጠራል። ይኸው በዓል ሰቆጣ ላይ ሻደይ፣ ራያ ቆቦ ላይ ሶለል ይባላል። በቡሄ ወንዶቹ ከጨፈሩ በኋላ ተራው የሴቶቹ መሆኑ ደስ ይላል። ፎቶ ከማንሳት በፊት ልጃገረዶቹን ጠይቁ፣ ለጭፈራው ስጦታ መስጠትም ወጉ ነው።

ከሀገር ውጭ ለሚያከብር

ዋሽንግተንም ሆነ ዱባይ ቡሄ ኦገስት 19 ይውላል፤ ብዙ ማኅበር በአቅራቢያው ወዳለው ቅዳሜ ወይም እሑድ ይወስደዋል። እዚያ ችግሩ ተገልብጦ ነው የሚመጣው። ቤቱ ሞቃት ስለሆነ ሊጡ በአንድ ሰዓት ኩፍ ብሎ ያልፍና ይኮመጥጣል፤ እርሾውን ወደ 5 ግራም ዝቅ ማድረግ ወይም ሊጡን ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ነው። በኦቨን 200 ዲግሪ ላይ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከታች አንድ ሳህን ውሃ ማስቀመጥ የዳቦው ቅርፊት እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። ኮባ ቅጠል ካልተገኘ በእስያ ሱቆች የሚሸጠው የሙዝ ቅጠል ይተካዋል።

ችቦ ግን በደረቅ በጋ ፓርክ ውስጥ ማብራት በብዙ ቦታ የተከለከለ ነው፤ ፈቃድ ሳይጠየቅ አይሞከር። ጅራፉም የጥይት ድምፅ መስሎ ጎረቤት ፖሊስ ሊጠራ ይችላል። ሰፊ ሜዳ ተከራይቶ፣ ለአካባቢው ሰው አስቀድሞ ነግሮ፣ በቀን ብርሃን ማጮህ ነው። ቃጫ ለመግዛት በእርሻና ግንባታ ዕቃ መደብር የሚሸጥ የሲሳል ገመድ ፈትቶ እንደገና መጎንጎን ይቻላል፤ ዘይት የተቀባ እንዳይሆን ሲገዛ ይሽተት። ዘይት ያለበት ገመድ ይከብዳል፣ አይጮህም።

በዓሉ ሲያልፍ ጅራፉ ጭቃው በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፣ አይታጠብ። ያለቀው ጫፍ ተቆርጦ ይጣል፤ ገመዱ በድንጋይ ተወጥሮ ሁለት ቀን ከደረቀ በኋላ ሳይታጠፍ፣ ጭስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቀል። ታጥፎ ሣጥን ውስጥ የከረመ ጅራፍ በታጠፈበት ይሰበራል።